ቁጥሩ ሲጓዝ የቀረው፦ የአፈር ውኃ የማስረግ ሙከራ አጭር ታሪክ

በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት የንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበው ንግግር የተገለበጠ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ትንሽ ጉድጓድ ነው። ስፋቱ ክንድ አይሞላም፤ ጥልቀቱም ከጉልበት እስከ ወገብ ቢደርስ ነው። ይቆፈራል፤ ውኃ ይሞላበታል፤ ውኃው ምን ያህል ቶሎ እንደሚወርድ በሰዓት ይለካል። ከዚያም ይደፈናል። መሐንዲሶች ይህን ‹ፐርኮሌሽን ቴስት› ይሉታል፤ እኔ በዚህ ንግግር ‹የስርገት ሙከራ› እለዋለሁ። ዓላማው አንድ ቦታ ከመኖሪያ ቤት የሚወጣውን ፍሳሽ በአፈሩ ውስጥ ለማስረግ ይችል እንደሆነ ማወቅ ነው። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውል ሰነዶች መስማት ለለመደ የታሪክ ተማሪ ርእሱ ዝቅ ያለ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ በሃያኛው ምእት ዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ቤት የሠራው ይህ ጉድጓድ ‹ይሆናል› ባለበት መሬት ላይ ነው።

ወደ ርእሱ ያስገባኝ ግን መጽሐፍ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. አባል የሆንሁበት የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ መሬት ተረከበ። በአካባቢው የፍሳሽ መስመር ስላልነበረ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሴፕቲክ ታንክና ማስረጊያ ጉድጓድ ይቆፍር ዘንድ ግድ ነበር። የማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። በየካቲት ወር አንድ ባለሙያ መጣ፤ ሦስት ጉድጓዶች አስቆፈረ፤ ውኃ አስሞላ፤ በዚያው ጠዋት ሰዓት ይዞ ለካ። ውኃው ቶሎ ቶሎ ወረደ። ‹‹አፈሩ ጥሩ ይጠጣል›› አለን። ቃለ ጉባኤውን ጽፌ ፈረምሁ።

ቀድሞ ያንን መሬት ያርሱ የነበሩና በዚያን ጊዜ የማኅበሩ ጥበቃ ሆነው የሚሠሩ አንድ አዛውንት በአጠገባችን ቆመው ነበር። ሰዉ ሲበተን ጠጋ ብለው፣ ‹‹ልጄ፣ ይህ እኮ ዋልካ ነው፤ አሁን የጠጣውን በሐምሌ ይተፋዋል›› አሉኝ። በአክብሮት አመስግኛቸው አለፍሁ። ቃላቸውን በቃለ ጉባኤው ላይ አላሰፈርሁትም።

ቤቶቹ ተሠርተው በገባን በመጀመሪያው ክረምት ማስረጊያ ጉድጓዶቹ ሞሉ። ከሁላችንም ዝቅ ብሎ በተሠራው በአንዲት ጎረቤታችን ግቢ ፍሳሹ ከመሬት ወጥቶ እስከ ማእድ ቤታቸው ደጃፍ ደረሰ። መጣጭ መኪና እየጠራን አስመጠጥን፤ በሳምንቱ ደግሞ ይሞላል። በአንድ ስብሰባ ላይ እኚህ ጎረቤቴ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ‹‹ጋሼ፣ ይሆናል ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት?›› ብለው ጠየቁኝ። አዎን፣ እኔ ነበርሁ። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የውጭ ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አሳስባለሁ።

የጉድጓዱ መነሻ

ከመሬት በታች የተቀበረ ዝግ ታንክ ፍሳሽን ለማጥራት እንደሚረዳ በአውሮፓ የታወቀው በ19ኛው ምእት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በፈረንሳይ የቬዙል ከተማ ሰው የነበረው ዣን ሉዊ ሙራስ በ1881 ለእንዲህ ያለ ታንክ የባለቤትነት መብት አገኘ። በእንግሊዝ አገር በኤክስተር ከተማ ደግሞ ዶናልድ ካሜሮን በ1890ዎቹ አጋማሽ ተመሳሳይ ታንክ ሠርቶ ‹ሴፕቲክ ታንክ› የሚለውን ስም ሰጠው። ቃሉ መበስበስን የሚያመለክት ነው። ታንኩ ዝቃጩን ከታች ያስቀምጣል፤ ስቡን ከላይ ያንሳፍፋል፤ አየር የማይሹ ባክቴሪያዎችም ከዝቃጩ ከፊሉን ያብላላሉ።

ነገር ግን ታንኩ የሥራውን ግማሽ ብቻ ነው የሚሠራው። ከታንኩ የሚወጣው ውኃ አሁንም በጀርም የተሞላ ነው። ቀሪውን ሥራ የሚሠራው አፈሩ ነው፤ ውኃውን ይቀበላል፣ ያጣራል፣ ያሳልፋል። ታንኩን ፋብሪካ ሊሠራው ይችላል፤ አፈሩን ግን ማንም አይሠራውም። ስለዚህ ‹ይህ አፈር ይህንን ሥራ ይችለዋልን?› የሚል ጥያቄ ተነሣ።

ለጥያቄው መለኪያ ያበጀለት በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት መሐንዲስ የነበረው ሄንሪ ራየን ነው። ሥራውን ያከናወነው በ1920ዎቹ ሲሆን ማስታወሻዎቹ በ1928 ታትመዋል። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ አንድ ጫማ በአንድ ጫማ የሆነ ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ ማስገባት፣ ከዚያም የውኃው ከፍታ በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ዝቅ ለማለት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት መለካት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ደቂቃው ብቻውን ምንም አይናገርም። ራየን ለደቂቃው ትርጉም የሰጠው ለዓመታት ያገለገሉ ማስረጊያዎችን እየዞረ በመመርመር ነው። የትኛው ማስረጊያ ስንት ውኃ እየተቀበለ ቆየ፣ የትኛውስ አቅቶት ሞልቶ ፈሰሰ? ይህን ከያዘ በኋላ በአጠገባቸው ጉድጓድ ቆፍሮ ደቂቃውን ለካ፤ ሁለቱንም በአንድ ሠንጠረዥ አገናኛቸው። የራየን ቁጥር እንግዲህ በአንድ በኩል ጉድጓድ፣ በሌላ በኩል የብዙ ዓመታት የቤተሰብ ኑሮ የነበረው ቁጥር ነው። የተወለደውም በአንድ ክፍለ ግዛት አፈርና የአየር ጠባይ ውስጥ ነው።

ከማስታወሻ ወደ አገር መመሪያ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ቤት ለመሥራት ተጣደፈች። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወጣት ቤት ይፈልጋል፤ በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ባንኮች ለሚሰጡት የቤት ብድር ዋስትና ይገባል፤ ሠሪዎችም ከከተማ ወጣ ባለ ርካሽ የእርሻ መሬት ላይ በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ይተክላሉ። የፍሳሽ መስመር ግን በዚያ ፍጥነት አልተከተላቸውም። በ1960 ወደ 14 ሚሊዮን የሚጠጉ የአሜሪካ ቤቶች በሴፕቲክ ታንክ ይገለገሉ ነበር።

ዋስትና የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አንድ ወጥ መለኪያ ያስፈልገዋል። የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሲንሲናቲ ሰፊ ጥናት አካሄደ፤ በ1957ም የሴፕቲክ ታንክ አሠራር መመሪያ አሳተመ። በ1967 ተሻሽሎ የወጣው ይህ መመሪያ የራየንን ጉድጓድ ወስዶ በሥርዓት አስቀመጠው። በቦታው ላይ በእኩል ርቀት ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ጉድጓዶች ይቆፈሩ። የጉድጓዱ ግድግዳ በመቆፈሪያው ተለስኖ ከሆነ ይፋቅ። ከታች 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ይደረግ። ከዚያም ቢያንስ ለ4 ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ሳይጎድልበት ይደር። ልኬቱ በማግስቱ ይሁን። ውኃው 2.5 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ ከ60 ደቂቃ በላይ ከፈጀበት ቦታው ለማስረጊያ ቦይ አይሆንም፤ ከ30 ደቂቃ በላይ ከፈጀበት ደግሞ ለማስረጊያ ጉድጓድ አይሆንም።

መመሪያው ደቂቃውን ወደ ስፋት የሚለውጥ ቀመርም ነበረው። ቀመሩን ወደ እኛ መለኪያ ስመልሰው፣ ውኃው በ1 ደቂቃ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሚወርድበት አፈር በአንድ ካሬ ሜትር በቀን 200 ሊትር ገደማ እንዲቀበል ይፈቀድለታል፤ 60 ደቂቃ የሚፈጅበት ግን 26 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ልኬቱ ላይ የሚደረግ ስሕተት በቀጥታ የማስረጊያውን ስፋት ያጠብበዋል ማለት ነው።

ሌሊቱን ውኃ ማሳደር ለምን አስፈለገ? መመሪያው ምክንያቱን ገልጾታል። ሸክላነት ያለው አፈር ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ለማበጡም ጊዜ ይፈልጋል። አፈሩ በዓመቱ እጅግ እርጥብ በሚሆንበት ወቅት የሚይዘውን ጠባይ እንዲቀርብ ነው ውኃው የሚያድረው። ከዚህም ሌላ የከርሰ ምድር ውኃ በዓመቱ ከፍ በሚልበት ወቅት እንኳ ከማስረጊያው ወለል ቢያንስ 1.2 ሜትር ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት ይላል። የሁለቱም ትእዛዛት መንፈስ አንድ ነው፦ በደረቅ ወቅት ብትለካም ክረምቱን አስብ።

እንግዲህ ይህን መመሪያ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሳነብ የተሰማኝን መገመት አያዳግታችሁም። በየካቲት ጠዋት ውኃ ሞልተን በዚያው ጠዋት ለካን። ሙከራው ወደ እኛ ሲደርስ ጉድጓዱ መጥቷል፣ ሰዓቱ መጥቷል፣ ቁጥሩ መጥቷል። ሌሊቱ ግን ቀርቷል።

ውኃው የወረደባቸው፣ ፍሳሹ ግን የቆመባቸው

ይህን ስል በአሜሪካ ሁሉም በሥርዓት ተከናወነ ማለቴ አይደለም። በ1950ዎቹ በብዙ አዳዲስ ሰፈሮች ማስረጊያዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተደፍነው ፍሳሹ በግቢ ላይ ወጣ። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው የዋሽንግተን ዙሪያ አካባቢዎች አንዱ የሆነው የቨርጂኒያው ፌርፋክስ አውራጃ ይህ ችግር ገጥሞት በ1950ዎቹ የአፈር ባለሙያ አሠማራ። እስከዚያ ድረስ የአፈር ካርታ የገበሬ መሣሪያ ነበር፤ በፌርፋክስ ግን ቤት ለሚሠራ ሰው የሚያገለግል ሆነ። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤትም በ1961 ለሴፕቲክ ታንክ ስለሚስማሙ አፈሮች የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳተመ።

ሙከራውን አልፈው ለምን ከሸፉ? መልሱ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌ ማክጎሂና ዊንበርገር ባካሄዱት ጥናት ግልጽ ሆነ። በሙከራው ጉድጓድ ውስጥ የሚፈስሰው ንጹሕ ውኃ ነው። በማስረጊያው ውስጥ የሚፈስሰው ግን ፍሳሽ ነው። ፍሳሹ ሳያቋርጥ ሲተኛበት የአፈሩ ፊት አየር ያጣል፤ ባክቴሪያዎችና የሚያመነጩት ዝልግልግ ነገር ቀዳዳዎቹን ይሸፍኗቸዋል። ማስረጊያው እየተፈራረቀ እንዲያርፍ ሲደረግ ግን አየር ይገባና አቅሙ በመጠኑ ይመለሳል። የጉድጓዱ ልኬት የአንድ ቀን አቅምን ሲናገር፣ ጥያቄው ግን የዓመታት ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ከዊስኮንሲን መጣ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኔዘርላንድስ ተወላጁ የአፈር ሳይንቲስት ዮሃነስ ባውማ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር የሸፈነውን አፈር ጠባይ አጠና። ዝልግልጉ ሽፋን የውኃውን መግቢያ ስለሚያጠብበው ከሥሩ ያለው አፈር በውኃ አይጠግብም። ትልልቆቹ ቀዳዳዎች፣ ስንጥቆቹና የትል መንገዶቹ በአየር ይሞላሉ፤ ውኃው በጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች ብቻ ቀስ ብሎ ይጓዛል። በሙከራው ጉድጓድ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ውኃው የሚሮጠው በትልልቆቹ መንገዶች ነው። አንድ ስንጥቅ ያገኘ ጉድጓድ አስደሳች ቁጥር ይሰጣል፤ ያ ስንጥቅ ግን በኋላ ሥራ ላይ አይውልም። እንዲያውም ፍሳሽ በስንጥቅ ቢሮጥ ሳይጣራ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ስለሚደርስ ፍጥነቱ ራሱ አደጋ ነው።

ከዚህ በኋላ በርካታ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች በሰዓት ከመለካት ይልቅ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ የአፈሩን ግድግዳ በዓይንና በእጅ ወደ መመርመር አዘነበሉ። አፈሩ በጣት መካከል ሲታሽ ይሻክራል ወይስ ይጣበቃል? ሲፈረካከስ በምን ቅርጽ ይፈረካከሳል? ቀለሙስ? ቀላና ቡናማ ቀለም አየር እንደሚገባው ይጠቁማል። ግራጫ ነጠብጣብ የታየበት ጥልቀት ደግሞ በየዓመቱ ለተወሰነ ጊዜ ውኃ ቆሞበት አየር እንዳጣና በውስጡ ያለው ብረት እንደተለወጠ ያመለክታል። የታሪክ ሰው እንደ መሆኔ ይህ ዘዴ ይማርከኛል፤ አፈሩ ያለፉትን ክረምቶች በቀለም መዝግቦ ይዟል። ጉድጓዱ የሚጠይቀው የዛሬን ብቻ ነው፤ ግድግዳው ግን የትናንትንም ይናገራል።

ዋልካና የሚያውቁት ሰዎች

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በሳይንሱ ቋንቋ ቨርቲሶል የሚባለው፣ ገበሬው ዋልካ ወይም ጥቁር አፈር የሚለው፣ በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን ይገመታል። ከ30 በመቶ በላይ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከዚያ እጅግ የበለጠ፣ ሸክላ አለው፤ ሸክላውም ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ዓይነት ነው። በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያበጃል፤ ስንጥቁ ከአንድ ሜትር በላይ ሊጠልቅ ይችላል። በክረምት አብጦ ይገጥማል፤ ያን ጊዜ ውኃ ከላዩ ይተኛል እንጂ በቀላሉ አይገባም። በደጋው የሚገኘው ቀይ አፈርም ሸክላው ብዙ ነው፤ ሆኖም ውኃ በደህና ያሳልፋል። ስለዚህ ‹ሸክላ ነው› ማለት ብቻውን አይበቃም።

ዋልካ ለስርገት ሙከራ ከሁሉ የከፋ ወጥመድ ነው። በየካቲት ጉድጓድ የቆፈረ ሰው የሚለካው አፈሩን ሳይሆን ስንጥቁን ነው። አንድ ሌሊት የሚያድር ውኃም ለወራት የተከፈተውን ላይገጥመው ይችላል። በዚህ አፈር ላይ መመሪያውን በታማኝነት መከተል እንኳ በቂ ዋስትና አይሆንም።

የአገራችን ገበሬ ግን ይህን ጠባይ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ የእርሻ ሥራውን የቀየሰው በዚያ ነው። በዋልካ ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ዝናቡ ካበቃ በኋላ አፈሩ በያዘው እርጥበት እንዲያድጉ ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው በእጃቸው ሰፋፊ መደብ እያበጁ ውኃውን በመካከሉ ባለው ቦይ ያስወጡታል። በ1980ዎቹ በአገራችን የተካሄደው የቨርቲሶል የምርምር ፕሮጀክት መደብ ማውጫ መሣሪያ ሲሠራ የተነሣው ከዚህ ልምድ ነው፤ ሁለት የአገር ማረሻ አያይዞ በበሬ የሚጎተት አደረገው። እነዚህ ተመራማሪዎች የገበሬውን ዕውቀት እንደ ማስረጃ ተቀብለው ሠሩበት። ይኸው ማረሻ የገባበት ዕውቀት ግን መሬቱ ከእርሻ ወደ መኖሪያ ሲለወጥ ከገበሬው ጋር አብሮ ከቦታው ይለቃል። ቦታው አዲስ ካርታና አዲስ ቁጥር ያገኛል፤ በክረምት ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ሰው ግን ጥበቃ ሆኖ በር ላይ ይቆማል።

ለታሪክ ተማሪ

ሦስት ነገሮች በመንገድ ላይ ቀሩ። ቁጥሩ ከራየን ማስታወሻ ወደ አገር መመሪያ ሲሸጋገር፣ ቁጥሩን ትርጉም የሰጠው የዓመታት ምልከታ ቀረ። ከመመሪያው ወደ እኛ የማኅበር መሬት ሲደርስ፣ ውኃው የሚያድርበት ሌሊት ቀረ። ከጉድጓዱ ወደ ቃለ ጉባኤው ሲገባ ደግሞ የአዛውንቱ ቃል ቀረ። የመጨረሻውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ባለሙያው ቸኩሎ ይሆናል፤ እኔ ግን አልቸኮልሁም። ቃላቸው ቁጥር ስላልነበረው ማስረጃ አልመሰለኝም።

ሙከራው ዋጋ ቢስ ነው እያልሁ አይደለም። በሥርዓቱ ከተደረገ፣ ከአፈር ምርመራ ጋር ከተጣመረ፣ የቦታውን ጠባይ ከሚያውቅ ሰው ቃል ጋር ከተመዛዘነ ዛሬም ያገለግላል። የከተሞቻችን ነዋሪ አብዛኛው ገና በጉድጓድ የሚገለገል በመሆኑ ጉዳዩ የነገ እንጂ የትናንት ብቻ አይደለም። የምህንድስና ተማሪዎቻችን ቢያንስ በዋልካ ላይ የሚደረግ ልኬት በክረምት እንዲደገም፣ የታሪክ ተማሪዎቻችን ደግሞ በአንድ ሰነድ ላይ ቁጥር ባዩ ጊዜ ከየት እንደመጣና ሲመጣ ምን ጥሎ እንደመጣ እንዲጠይቁ አደራ እላለሁ።

እኛ በመጨረሻ ማስረጊያዎቹን ትተን በጋራ አንድ ትልቅ ዝግ ማጠራቀሚያ ሠራን፤ የመጣጭ መኪናውን ወጪ እየተካፈልን የፍሳሽ መስመሩን እንጠብቃለን። ጎረቤቴ ይቅርታዬን ተቀብለውኛል። አዛውንቱን ግን ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ አካባቢውን ለቀው ነበርና አላገኘኋቸውም።

የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ ዛሬም በእጄ ይገኛል። ከላይ በቀኝ በኩል፣ በራሴ እጅ ጽሕፈት፣ ‹የካቲት› የሚል ቃል ሰፍሮበታል። ሙያዬ ዘመንን ማንበብ ነው፤ የዕድሜዬን ግማሽ የሰነድ ቀን ስመረምር ኖሬአለሁ። ያንን ቀን ግን ጻፍሁት እንጂ አላነበብሁትም።